40 ክሊፕቦርድ ከአዲስ አበባ አስመጥተን በመጨረሻ በአናፂ ያሰራንበት ጉዳይ

መጀመሪያ ቤታችንን ላስተዋውቃችሁ። የምሰራው ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የእህል ነጋዴ ጋ ነው፣ ሂሳቡንም ግዢውንም የምይዘው እኔው ነኝ፣ ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዋናው ስራችን የቢራ ገብስ ነው፣ ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ፣ ከሰላ ድንጋይ ዙሪያ ከገበሬው እየገዛን ለብቅል እናቀርባለን፣ ቆላው ላይ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ወርደን ማሾ እንገዛለን። በወቅቱ 12 ልጆች እናሰማራለን፣ 9ኙ ደጋ 3ቱ ቆላ፣ እያንዳንዱ ሚዛን፣ እስክሪብቶና የሚፅፍበት ነገር ይዞ ይወጣል። የምፅፍላችሁ ስለዛ "የሚፅፍበት ነገር" ነው። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር።

ድሮ የተማሪ ደብተር ነበር የምንሰጣቸው። አንዱ ኪሎውን ከላይ ይፅፋል፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ የጆንያውን ክብደት ቀንሶ ይፅፋል አንዱ ሳይቀንስ፣ ማታ ቢሮ ሲመጣ እኔ ሻማ አብርቼ (መብራት የለማ) የማን ፅሁፍ እንደሆነ ስገምት አመሻለሁ። አንድ ቀን ጋሼ አዲስ አበባ ስብሰባ ሄደው ተመለሱና ከቦርሳቸው የሆነ ድርጅት ሎጎ ያለበት የሚያምር ራይቲንግ ፓድና ጥቁር ክሊፕቦርድ (ከላይ ወረቀት የሚነክስ ክሊፕ ያለው ሰሌዳ) አወጡ። "አንቺ ልጅ፣ እኛ ስም የለንም እንዴ? የኛስ ልጆች እንደ ተማሪ ደብተር ይዘው ነው ገበያ የሚቆሙት?" አሉ። በቃ፣ ግዢው ተጀመረ።

ያኔ የሰራሁትን ስህተት አሁን ሳስበው ያስቀኛል። በቴሌግራም ለሶስት ቦታ ፃፍኩ፣ ሶስት ፕሮፎርማ መጣ፣ ፎቶውን አየሁ፣ መሃለኛውን ዋጋ መረጥኩ። ዕቃውን በእጄ አልያዝኩትም። ማን እንደሚይዘው፣ የት ቆሞ እንደሚይዘው አንድም ጊዜ አላሰብኩም፣ ያሰብኩት ጋሼ ሲያዩት ደስ እንዲላቸው ብቻ ነው። 40 ክሊፕቦርድና 200 ፓድ አዘዝኩ። 12 ልጅ እያለን 40 ለምን አትሉኝም፣ ከ40 በታች ከሆነ ዋጋው አይቀንስም ስላሉኝ ነው፣ የተረፈውን ለእንግዳ እንሰጣለን ተባለ።

ዕቃው ሲመጣ እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ክሊፕቦርዱ ቆዳ የሚመስል ጥቁር ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፣ ከላይ ከክሊፑ ስር ወርቃማ ሎጎ፣ የድርጅቱ ስም በአማርኛ። ፓዱ ኤ ፎር፣ ባለ 50 ገፅ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ መሃሉ ላይ የገብስ ዘለላ ያለበት ሎጎ በአራት ቀለም በትልቁ። ቢሮ ውስጥ ፎቶ ተነሳን።

ከዛ ታህሳስ ገባ።

ደብረ ብርሃንን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከተማዋ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው በከንቱ አይመስለኝም። ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ቀን ደግሞ ፀሃይ ይወጣና ነፋሱ ይጀምራል። የገብስ ግዢ የሚጦፈው ልክ በዚህ ሰአት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከልጆቹ አንዱ ክሊፕቦርዱን ለሁለት ተከፍሎ ይዞት መጣ። እንዴ ምን አረግከው ስለው "እኔ ምንም አላረኩትም፣ እሱ ራሱ ነው" አለኝ። ተቆጣሁት። በነጋታው ሌላ ሁለት መጣ። ሲከፈት ለካ ውስጡ ካርቶን ነው! ከላይ ያለው ፕላስቲክ ብርድ ሲመታው ይደርቅና ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ጤዛ ይገባል፣ ካርቶኑ ያብጣል፣ ከዛ ክሊፑ የታሰረበት ሪቬት ካርቶኑን ቦጭቆ ይወጣል። ክሊፑ ራሱ ግን ጠንካራ ነበር፣ ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ጋሼ ነገሩ አልገባቸውም። "ልጆቹ እየወረወሩት ነው፣ ሂጂና አብረሻቸው ዋዪና እዪ" አሉኝ። ሄድኩ። ጫጫን አለፍ ብለን አንጎለላ አካባቢ አንድ መንደር ጠዋት 2 ሰአት ላይ ቆምን፣ አህያው ተሰልፏል፣ ጆንያው ተደርድሯል። መዛኙ ልጅ እስክሪብቶውን ብብቱ ስር ይዞታል። ምን ሆነህ ነው ስለው ሳቀብኝ፣ ቀለሙ በብርድ ስለሚወፍር ካልሞቀ አይፅፍም። አውጥቶ ሊፅፍ ሲል ደግሞ እስክሪብቶው በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ይንሸራተታል፣ አንዱን 4 ሶስት ጊዜ ደገመው። ይሄ የሚያብረቀርቀው ወረቀት፣ አርት ፔፐር የሚባለው፣ ለካ ለማስታወቂያና ለፖስተር ነው እንጂ በእስክሪብቶ ለሚፃፍበት አይደለም፣ ላዩ የተቀባ ስለሆነ ቀለም አይመጥም፣ ፅፎ እጁን ሲያሳልፍበት ሙልጭ ብሎ ይለቀለቃል። የፃፈው ቁጥር ደግሞ መሃል ያለው ትልቁ የገብስ ዘለላ ላይ ሲወድቅ አይታይም። ነፋስ ሲነሳ የፓዱ ታችኛው ጫፍ ይገለበጥና ፊቱን ይመታዋል፣ በግራ ክንዱ ተጭኖ ነው የሚፅፈው። ከላይ ያለው ማጣበቂያም በብርዱ እንደ ብስኩት ተሰብሮ ገፁ በሶስት በአራት እየሆነ ይለቃል። አንድ ገፅ ሲበር አንድ ትንሽ ልጅ ሮጦ ያዘልን፣ ካልያዘው የሰባት ገበሬ ሂሳብ ሄደ ማለት ነው።

ግን ይሄ ሁሉ አይደለም ያስደነገጠኝ። አንድ አባት ገብሳቸውን አስመዝነው ጨረሱ፣ ልጁ ኪሎውን ፃፈ፣ ከዛ ከፓዱ ታችኛው ጥግ ጣት የምታክል ቁራጭ ቀደደና ጠቅላላውን ፅፎ ሰጣቸው። አባባ ቁራጯን አገላብጠው አዩና "እና ትልቁ ላንተ ነው፣ ይቺ ለኔ ናት?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ቁራጯን ሳያት ምንም የለባትም፣ ሎጎ የለ፣ ስም የለ፣ ስልክ የለ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ። ሎጎ ያለበት ገፅ ወደ እኔ ቢሮ ነው የሚመጣው፣ እኔ ደግሞ የድርጅታችንን ስም አውቀዋለሁ! ክሊፕቦርዱም ላይ እንደዛው ነው። ሎጎው የታተመው ፊት ለፊቱ ላይ ነው፣ ፓድ ሲገባበት ይሸፈናል። ገበሬው ፊት ለፊት ቆሞ ሙሉ ጊዜ የሚያየው ጀርባውን ነው፣ ጀርባው ደግሞ ባዶ ጥቁር። ያን ሁሉ ብር አውጥተን ስማችንን ያሳተምነው ለራሳችን ነበር።

የዛን ቀን ማታ ለጋሼ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዛ "በይ እንግዲህ ከወረቀቱ ጀምሪ" አሉኝ። ትክክል ናቸው። እኔ ከክሊፕቦርዱ ነበር የጀመርኩት፣ መጀመር የነበረበት ገበሬው ይዞት ከሚሄደው ወረቀት ነው፣ ቦርዱ ለወረቀቱ ይሰራል እንጂ ወረቀቱ ለቦርዱ አይሰራም።

ሁለተኛውን ዙር እንግዲህ በዝርዝር ልፃፈው፣ ለሌላ ሰው የሚጠቅመው እሱ ስለሆነ።

መጠኑን ወደ ኤ 5 ቀነስነው፣ ማለትም የኤ ፎር ግማሽ፣ 148 በ210 ሚሊሜትር። አንድ ገፅ ለአንድ ገበሬ። ባንድ ገፅ ላይ አስር ሰው መፃፍ ቆጣቢ ይመስላል ግን አንዷ ገፅ ስትጠፋ የአስር ሰው ሂሳብ ነው የሚጠፋው፣ ለገበሬውም የምትሰጠው ነገር አይኖርህም። ከዛ ኮፒ እንዲኖረው አልን። ሁለት ምርጫ አለ፣ አንዱ ጥቁሩ ካርቦን ነው በእጅ መሃል የሚገባው፣ እሱ ርካሽ ነው ግን ነፋስ ላይ አስቡት፣ ደግሞ እጅ ያጠቁራል። ሌላው ካርቦንለስ የሚባለው ነው፣ ከላይኛው ወረቀት ጀርባ ላይ በአይን የማይታዩ የቀለም ቅንጣቶች አሉ፣ እስክሪብቶ ሲጫናቸው ይፈነዱና ስር ባለው ወረቀት ላይ ይወጣል። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን እሱን መረጥን፣ ነጩ ለገበሬው ቢጫው ለኛ።

ካርቦንለስ ላይ ማንም ያልነገረኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ካርቦን ስለሌለው ግፊት ነው የሚፅፈው፣ ስለዚህ ስሩ ያሉት ገፆች ላይም ይወጣል፣ የመጀመሪያውን ገበሬ ኪሎ አራተኛው ገበሬ ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ። መፍትሄው እያንዳንዱ ፓድ ላይ መሃል የሚገባ ወፈር ያለ ካርቶን ማሰራት ነው፣ ማተሚያ ቤቱ ከጠየቃችሁት ከሽፋኑ ጋር አያይዞ ይሰራዋል፣ ካልጠየቃችሁት አይሰራውም። ሁለተኛ፣ የክሊፑ አፍ የሚነክሰው ቦታ ላይ ሰማያዊ ጥርስ ያወጣል። ስለዚህ ከላይ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ባዶ እንዲተው አደረግን፣ ክሊፑ እዛ ይንከስ።

ፅሁፉ ላይ ሂሳብ አዋቂያችን (በትርፍ ሰአቱ የሚሰራልን ልጅ ነው) አንድ ነገር አዳነን። እኔ ርዕሱን "የግዢ ደረሰኝ" ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። "እህቴ ደረሰኝ የሚለውን ቃል አውጪው" አለኝ፣ ደረሰኝ በግብር መስሪያ ቤቱ ፈቃድ ነው የሚታተመው፣ ዝም ብለሽ ሎጎ ለጥፈሽ አታሳትሚም። "የሚዛን ማስታወሻ" ብለን ቀየርነው፣ ከስር በትንሹ ለሂሳብ ማወራረጃ እንደማያገለግል ፃፍን። ስታንዳርድ ፎርም ብላችሁ የምታሳትሙ ሰዎች ይቺን አደራ።

ተከታታይ ቁጥር አስመታን። ቁጥር ሲኖር ለየትኛው ልጅ ከስንት እስከ ስንት እንደሰጠሁ መዝግቤ እይዛለሁ፣ ገፅ ከጎደለ ይታወቃል። ልጆቹ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፣ አላመነችንም ብለው፣ ኋላ ግን አንዱ ሌላው ያጠፋውን ገፅ በሱ ሲላከክበት ቁጥሩ ነፃ አወጣውና ሃሜቱ ቆመ።

ስንት ፓድ ይበቃል የሚለውን አሁን በሂሳብ ሰራሁት፣ ባለፈው በግምት ነበር። አንድ መዛኝ ባማካይ በቀን 35 ሰው ይመዝናል፣ 12 መዛኝ፣ 45 የግዢ ቀን ብንል 18,900 ማስታወሻ ነው፣ በባለ 50 ሲካፈል 378 ፓድ፣ ለብልሽት ጨምረን 400 አዘዝን። ማተሚያ ቤቱ 1000 ብታዙ የአንዱ ዋጋ በጣም ይወርዳል አለን፣ እውነቱን ነው፣ ኦፍሴት ማተሚያ ላይ የፕሌቱና (ፅሁፉ የሚቀረፅበት ቆርቆሮ) የማስነሻው ወጪ አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው፣ ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ይከፋፈላል። ግን ፎርሙ ገና እየተሞከረ ያለ ነገር ነው፣ ርካሽ የሆነ የተሳሳተ ወረቀት ለሶስት አመት ታቅፎ መቀመጥ ምን ይጠቅማል። 400 ላይ ቆምን፣ ደግ አደረግን፣ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ሎጎው ከአራት ቀለም ወደ አንድ አረንጓዴ ወረደ፣ ከመሃል ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ተዛወረ፣ ከጎኑ ስልክ ቁጥር በትልቁ። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ያባከንነው ነገር አለ። ሎጎውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ልኬው ነበር፣ ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፣ ጫፉ ጥርስ ጥርስ ሆኖ መጣ። ዋናውን ፋይል ከዲዛይነሩ ለምኜ እንደ ፋይል ላኩት። ያኛው ደግሞ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የአማርኛ ፎንቱ ስለሌላቸው ስማችን ሙሉ በሙሉ ሳጥን ሳጥን ሆነ። ዲዛይነሩ ፅሁፉን ወደ ከርቭ (ፎንት የማይፈልግ ስዕል) ቀይሮ እንደገና ሲልክ ነው የተስተካከለው። ናሙናው ሲመጣ ለአራት ሰው አስነበብኩት፣ ሶስታችን ምንም አላየንም፣ አራተኛዋ የፅዳት ሰራተኛችን እታለም ናት፣ "ኩንታል የሚለው ል የለውም" አለች። ኩንታ!

ማጣበቂያውን በተመለከተ ለማተሚያ ቤቱ ደብረ ብርሃን ነው የምንጠቀምበት፣ የሚለመጥ ማጣበቂያ እፈልጋለሁ አልኩት፣ ከሱ ላይ ደግሞ ሁለት የስቴፕል ሽቦ አስመታሁ፣ መቅደጃው መስመር ላይ ደቃቅ ቀዳዳ። ከዛ በኋላ አንድም ገፅ በራሱ አልለቀቀም።

አሁን ወደ ቦርዱ። ናሙና ካላየሁ አልገዛም ብዬ ማልኩ። አሉሚኒየሙን አየሁ፣ ጥሩ ነው፣ አይሞትም፣ ግን ጠዋት በባዶ እጅ ያዙት እስቲ፣ ልጆቹ አንድ ቀን ይዘውት "ይሄ በረዶ ነው" ብለው መለሱልኝ፣ ዋጋውም አይቀመስም። ኤምዲኤፉ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሰራው ሰሌዳ) ደህና ነበር፣ 3 ሚሊሜትር፣ ጠንካራ፣ ግን አንድ ሌሊት ውጪ ረስተነው ጠርዙ እንደ እንጀራ አበጠ። ያልተቀባ የኤምዲኤፍ ጠርዝ ውሃ ይጠጣል። ፕላስቲኩን ለቆላ ልጆች ሰጠናቸው፣ ከጣርማ በር ዋሻ ወርዳችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ'ኮ ሌላ አገር ነው፣ ጃኬት አውልቃችሁ ነው የምትወርዱት፣ እዛ ውርጭ የለም ግን መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሃይ ያገኘው ፕላስቲክ እንደ ምጣድ ጎበጠ።

ሃሳቡን ያመጣው ሾፌራችን ነው። "ክሊፑ ደህና ነው አላልሽም? ታዲያ ክሊፑን ነቅለሽ ጣውላ ላይ አስመቺው" አለኝ። ከሞቱት ክሊፕቦርዶች 20 ክሊፕ ነቀልን። ሰፈራችን ያለ አናፂ ጋ ሄድኩ፣ 4 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ከኤ 5 ትንሽ ሰፋ አድርጎ ቆረጠልኝ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ጥጎቹን ክብ አደረገ (ጥግ ሹል ከሆነ ጆንያም ኪስም ይቀዳል)፣ ጠርዙን ጭምር ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባው፣ ክሊፑን በሁለት ሪቬት መታው። ታችኛው ጫፍ ላይ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቀጭን ቀበቶ ገባበት፣ ነፋስ ወረቀቱን እንዳያነሳው። እስክሪብቶ የሚታሰርበት አንድ ቀዳዳም በሳ። 12 ቦርድ ከነቫርኒሹ ከነእጁ የወጣበት ብር ከመጀመሪያዎቹ የስምንት ክሊፕቦርድ ዋጋ አይበልጥም። ብሩን አልፅፍም፣ ዛሬ የፃፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል።

ሎጎው በስቴንስል (ቅርፁ ተቆርጦ የወጣበት ማስረጫ) በሚረጭ ቀለም ጀርባው ላይ ተደረገ። የአናፂው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሶስቱን ገልብጦ ረጫቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጀርባው ላይ አድርግ አልኩት እንጂ የቱ ወደላይ እንደሆነ አላልኩትም፣ እሱ ቦርዱን ከታች ወደ ላይ ገልብጦ ስለረጨው ልጁ ይዞ ሲቆም ስማችን ዘቅዝቆ ነው ለገበሬው የሚታየው። ቦርዱን ክሊፑ ወደላይ ሆኖ ይዛችሁ ጀርባውን ሌላ ሰው እንዲያይላችሁ አድርጉ፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ሶስቱን ፍቀን ደገምናቸው፣ አንዱ ላይ አሁንም ጥላው ይታያል፣ ጋሼ እሱን ለራሳቸው ወሰዱት።

ውጤቱስ? ባለፈው ወቅት በሳምንት ሁለት ሶስቴ ኪሎዬ ጎድሏል የሚል ሰው ቢሮ ይመጣ ነበር፣ ዘንድሮ በወቅቱ ሙሉ አራት ሰው ነው የመጣው፣ አራቱም ነጯን ወረቀት ይዘው ነው የመጡት፣ ከኔ ቢጫ ጋር አስተያየን፣ ሁለቱ ላይ ልጆቻችን ተሳስተው ነበርና ከፈልን። አንዱ አባት ወረቀቷን ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው ነው ያወጧት፣ ከዘር ማስቀመጫ ብራቸው ጋር አንድ ላይ አስረዋት ነበር። ስልኩም ይደወላል፣ አብዛኛው የሚጠይቀው ዋጋ ስንት ገባ ብሎ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መልስ ስሰጥ መዋሌ አንድ ራሱን የቻለ ችግር ሆኗል።

ያልተፈታም አለ። ቆላ ላይ ቢጫው ኮፒ መኪና ውስጥ ፀሃይ ላይ ሲከርም ይደበዝዛል፣ የሸዋ ሮቢት ልጆች በየቀኑ ፎቶ አንስተው እንዲልኩልኝ ነግሬያቸዋለሁ፣ ኔትወርክ ባለ ቀን ይልካሉ። ከአሮጌው ፓድ ደግሞ ከ150 በላይ ተርፏል፣ የጋሼ የልጅ ልጆች በከለር ሲስሉበት ነው የሚውሉት፣ በከለር ጥሩ ይሰራል።

አሁን ለሚቀጥለው ወቅት እያዘዝኩ ነው። ብቅል ተቀባዮቹ እርጥበት በጥብቅ ስለሚለኩ ፎርሙ ላይ የእርጥበት አምድ መጨመር አለበት፣ 1000 ፓድ አሳትመን ቢሆን ይሄኔ አልቅሼ ነበር። ለአናፂውም ስድስት ቦርድ ተጨማሪ አዝዣለሁ፣ ክሊፑ ስምንት ተርፎኛል። ስቴንስሉን ስልክለት ቀስት ስዬበት "ክሊፕ ወደዚህ" ብዬ በቀይ ፅፌበታለሁ፣ ልጁ ደውሎ "ቀስቱም ይረጫል ወይ?" አለኝ።